ግንደ ሕዋስ በራስና አንገት መልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና

ግንደ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል ራሱን እያባዛ ወደ አጥንት፣ ወደ ስብ ወይም ወደ ሌላ ኅብረ ሕዋስ የሚለወጥ ሕዋስ ነው፤ ለዚህ ሕክምና ከዳሌ መቅኔና ከሆድ ስብ ይወሰዳል። የጀርመን ኪል ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ዘገባ፣ በዕጢ ምክንያት መንጋጋውን ላጣ ሰው የቲታኒየም ወንፊት ሠርተው፣ የአጥንት ማዕድን፣ አጥንት አብቃይ ፕሮቲንና የራሱን መቅኔ ሞልተው በጀርባው ጡንቻ ውስጥ ቀበሩት፤ ከ7 ሳምንት በኋላም ያደገውን አጥንት ከነደም ሥሩ ወደ መንጋጋው አዛወሩት። ከዘዴው ሁሉ ቁም ነገሩ ጡንቻው ነው፤ ሕዋስ ያለ ደም አይኖርምና።

ይህ ነጥብ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ላሉት ለጅማ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ገነት ሕሙማን፣ በተለይም ኖማ ለጎዳቸው ልጆች ይመዝናል። ኖማ በምግብ እጥረትና በኩፍኝ የተዳከመን ሕፃን ጉንጭና መንጋጋ የሚበላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ተርታ ያስገባው ሕመም ነው። ከሞት የተረፈ ልጅ አፉ በጠባሳ ሊቆለፍ ይችላል። ደም በማይደርሰው ጠባሳ ላይ ሕዋስ መጨመር ከንቱ ነው፤ አስቀድሞ ደም ያለው ሥጋ ከሌላ የአካል ክፍል መምጣት አለበት። የግንደ ሕዋስ ዘዴ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። በቤተ ሙከራ የሚባዛው ሕዋስ በእርግጥ ውድ ነው፤ መቅኔን ከዳሌ በመርፌ መቅዳት ግን ያን ያህል መሣሪያ አይጠይቅም። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ካንሰር በነበረበት ቦታ የሕዋስ ዕድገትን ማበረታታት በሽታውን እንዳይቀሰቅስ ያሰጋል። የላንቃና የድድ ክፍተት ይዞ በተወለደ ልጅ ላይ ይህ ስጋት የለም። ስለዚህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ሕሙማን የሚቀበለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይህን መንገድ ቢይዝ፣ መነሻው የድድ አጥንት ክፍተት ቢሆን ይሻላል፤ መቅኔ በመርፌ ሲቀዳ በልጁ ዳሌ ላይ የሚቀረው ቁስል አጥንት ተቆርጦ ሲወሰድ ከሚቀረው ያንሳል።