ሻዩ ጠፋ፣ ሲኒው ቀረ

ቡና ሲፈላ ረከቦት ላይ የምንደረድረው ሲኒ ስሙን ያገኘው ከዐረብኛ ነው፤ ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። ከስሙ በስተጀርባ ረጅም የንግድ ታሪክ አለ። ዛሬ ከዚያ ታሪክ አንዲት መርከብ እንመልከት።

በደቡብ ቻይና፣ ከባሕር ርቃ በምትገኘው በጂንግደዠን ከተማ፣ ሠራተኞች ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር ከተፈጨ ድንጋይ ጋር እያዋሐዱ ፖርሴሊን ይሠሩ ነበር። ሥዕሉ የሚሣለው ኮባልት በተባለ ቀለም ነው። ቀለሙ ሲቀባ ጠቆር ያለ ነው፤ መስታወት የሚመስል ልባስ ተደርጎበት 1,300 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እቶን ሲያልፍ ግን ሰማያዊ ይሆናል። በዚያች ከተማ ያገለገለው ፈረንሳዊ ሚስዮናዊ ዳንትሬኮል እ.ኤ.አ. በ1712 በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ዕቃ እስኪያልቅ በ70 ሠራተኞች እጅ እንደሚያልፍ ገልጿል። አንዱ መስመሩን ያወጣል፣ ሌላው ቀለሙን ይሞላል። ወደ ውጭ በሚላከው ዕቃ ላይ ግን ስማቸው አይጻፍም ነበር።

ዕቃው በወንዝና በተሸካሚዎች ትከሻ ካንቶን ወደብ ይደርሳል። በታኅሣሥ 1751 እ.ኤ.አ. የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ሄልደርማልሰን ከዚያ ተነሣች። ትልቁ ጭነቷ ሻይ ነበር፤ ወርቅም ይዛለች። ፖርሴሊኑ ከባድ ስለሆነና ውኃም ስለማያበላሸው ከሥር ተደርጎ ሻዩ ከላይ ተጫነ።

በጥር 1752 መርከቧ በደቡብ ቻይና ባሕር ከዐለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከ112 መርከበኞች 80ዎቹ ሞቱ፤ 32ቱ ብቻ በጀልባ አመለጡ።

ከ233 ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ ጠላቂዎች ስብርባሪዋን አገኙ። ነጋዴዎቹ እጅግ የጓጉለት ሻይ በስብሷል። ከሥር የነበሩት ሲኒዎችና ሳህኖች ግን ከ150,000 በላይ ሆነው ወጡ፤ በ1986ም አምስተርዳም ውስጥ በጨረታ ተሸጡ። ሥዕሉ ከልባሱ በታች ስለነበር የብዙዎቹ ሰማያዊ ቀለም አልለቀቀም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ ሲኒዎች አንዱን በእጅህ ብትይዝ፣ ሠዓሊው ብሩሹን የጫነበትንና ያነሣበትን ቦታ ለይተህ ማየት ትችላለህ። ስሙን አናውቅም። የእጁን ሥራ ግን እቶኑም ባሕሩም አላጠፉትም።