ከጎሚኒ እስከ ማስተር፦ የአንዲት ትንሽ ዕቃ ታሪክ በወለጋ መንገድ

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትሄዱ መንገዱ መጀመሪያ ያባብላችኋል። ከዚያ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ መውረድ ይጀምራል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው፤ ድልድዩ ዘንድ ለመድረስ ከ700 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው። የኛ አሮጌ ጃፓን ሠራሽ ሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን እጀታ ያለ ምንም ተቃውሞ መሪው ድረስ ገብቶ ቁጭ ያለውም እዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው። የኋላው ታምቡርና አንደኛ ማርሽ አወረዱን። ሁለት ሆነን ነበር የተሳፈርነው፤ እስክንቆም ድረስ አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም።

ሞተሯን በጭነት መኪና አስጭነን ነቀምቴ ተመለስን። ያየልን መካኒክ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አደረገና «ጎሚኒው ነው ልጆቼ፤ ጎሚኒውን ቀይረን እንሸኛችኋለን» አለን። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ የነበረው ወጣት ደግሞ «አይ አባባ፣ ማስተሩ ነው። ሙሉውን መቀየር ነው» አለ። ክርክራቸው አንድ ዙር ቡና አስፈላ።

እኛ መካኒኮች አይደለንም። ነገር ግን ክርክሩን ስንሰማ አንድ ነገር ገባን፤ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በሁለት ዘመን ቋንቋ ነው። ጎሚኒ ጣልያንኛ ነው፤ ማስተር እንግሊዝኛ። በሁለቱ ቃላት መካከል የወለጋ መንገድ ታሪክ አለ።

መቼም የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳዶ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ... «ፍሬን» ራሱ ለጣልያንኛውም ለፈረንሳይኛውም የቀረበ ነው። ወለጋ ላይ ግን ነገሩ ትንሽ ያስቃል። የጣልያን ጦር ነቀምቴን በእጁ ለማስገባት የላከው የመጀመሪያው ቡድን በአውሮፕላን መጥቶ ቦነያ ላይ አረፈ፤ ሰኔ 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጥቁር አንበሶች፣ ከነሱም ውስጥ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች፣ በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሏቸው። ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ቀረ። ሰዎቹ ሲመጡ እንዲህ ያለ አቀባበል ነበራቸው። ቃሎቻቸው ግን ከመኪናው ጋር በሰላም ገብተው ዛሬም ድረስ አሉ፤ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮሞኛ ተናጋሪውም ዳዶን ዳዶ ይላል።

አገሩ ደግሞ የቃል ድሃ እንዳይመስላችሁ። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮሞኛ አሳትሞ (እ.ኤ.አ. 1899) ከአስቴር ጋኖ ጋር ወደ ወለጋ የመጣ፣ ቦጂና ነጆ ያስተማረ፣ በ1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ያረፈ ሰው ነው። አስቴር በሺህ የሚቆጠሩ የኦሮሞኛ ቃላትን ሰብስባለች። የዚያ አገር ልጆች ቢፈልጉ ለጎሚኒ ስም አያጡለትም ነበር። አልፈለጉም፤ የሚሠራ ቃል ተገኝቷል፣ ምን ያስቸኩላል?

ወደ ፍሬናችን እንመለስ። በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ ያስረዳው ፈረንሳዊው ፓስካል ነው፤ ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1663 ነው። ሐሳቡ የመኪና ፍሬን እስኪሆን ግን ከ250 ዓመት በላይ ፈጀ፤ አሜሪካዊው ዱዘንበርግ በ1921 በአራቱም ጎማ የፈሳሽ ፍሬን ያለው መኪና ለገበያ አቀረበ። ከጦርነቱ በኋላ ወደኛ አገር የገቡት ላንድሮቨሮች በዚሁ መንገድ ነበር የሚቆሙት። እግር ፔዳሉን ይረግጣል፣ ፔዳሉ ፒስተኑን ይገፋል፣ በፒስተኑ ጫፍ ያለው ክብ ጎማ ዘይቱን ያባርራል። ያ ክብ ጎማ ነው ጎሚኒ።

ሞተር ሳይክል ግን በዚያ ዘመን በሽቦ ነበር የሚቆመው። በአፍሪካ ገጠር ለእርዳታና ለግብርና ሥራ የታወቀችው ያማሃ ኤጂ 100 ፊቷም ኋላዋም ታምቡር ነው። ሽቦ ሲላላ በዳዶ ታጠብቃላችሁ፣ ሲበጠስ ትቀይራላችሁ፤ ዘይት የለ፣ አየር የለ። በብዛት የተመረተ ሞተር ሳይክል የፊት ዲስክና የፈሳሽ ግፊት ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ሆንዳ ሲቢ 750። ነገሩ በርካሾቹና በትናንሾቹ ሞተሮች ላይ እስኪወርድ ደግሞ ሌላ ብዙ ዓመት አለፈ።

እንግዲህ የኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ለክርክር ክፍት ነው። የዘይት ፍሬን ያለው ሞተር ወደነዚህ ከተሞች ሲመጣ የሚጠግነው እጅ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የተዘጋጀው ግን በመኪና ላይ ነው። የላንድሮቨር ማስተር ትልቅና ወፍራም ብረት ነው፤ ውስጡ ቢዝግ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይወለወላል፣ አዲስ ጎሚኒ ይገባለታል፣ መኪናው ይሄዳል። አባት የተማረው ይህን ነው፤ ለተማረበት ዕቃም ትክክል ነው። የሞተሩ ማስተር ግን አሉሚኒየም ነው፣ የውስጥ ስፋቱም ከ11 እስከ 14 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። አሉሚኒየም ሲበላ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል፤ ጉድጓዱን ለማጥፋት ስትወለውሉት ቀዳዳው ይሰፋል፣ አዲሱ ጎሚኒም ዘይቱን በጎኑ ያሳልፋል። ጋራዡ በር ላይ ጠንካራ ይመስላል፤ ዲዴሳ ላይ ግን እጀታው ቀስ እያለ ይሰምጣል።

የሚበላው ደግሞ ውሃ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ነቀምቴ ደግሞ ዝናብ የሚወዳት ከተማ ናት። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 155 ዲግሪ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዲስኩ ሲግል ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይታመቃል እንጂ። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» ብሎ ለዓመታት ሳይነካው የሚነዳ ሰው ደግሞ ፍሬኑ እንዳለቀ የሚያውቀው በፈለገው ቀን ነው። እኛም ከነዚህ አንዱ ነበርን። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናው የማቆም ጉልበት ያለው ፊት ነው፤ ቀስ ብሎ መጭመቅ መልመድ እንጂ መሸሽ አያዋጣም።

በመጨረሻ ልጅ አሸነፈ። ማስተሩ ሲፈታ ውስጡ ያረጀ ድስት ይመስል ነበር። አዲሱን ማግኘት ግን ሁለት ቀን ፈጀ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ወለጋ ባየው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃም አብሮ ይዘጋል። የአባት «ጎሚኒ ቀይር» እልኸኝነት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባን።

አዲሱ ዕቃ የውስጥ ስፋቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆኑን ልጁ ገላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ አረጋገጠ፤ ከሰፋ እጀታው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይደክማል። ዘይቱ ቀለም ስለሚበላ ታንኩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነ። በቱቦው ብሎን ግራና ቀኝ አዳዲስ የመዳብ ሮንዴላ አደረገ። ከዚያ አየር ማስወጣት መጣ፤ አንዳችን እጀታውን ጨምቀን ስንይዝ እሱ ታች ካሊፐሩ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንለቃለን። ቋቱ እንዳይጎድል አባትየው ከላይ ይሞላል። እጀታው ግን አልጠነክር አለ። ይኼኔ አባት ልጁን ገፋ አድርጎ ላይ ማስተሩ ዘንድ ያለውን የቱቦ ብሎን ትንሽ አላላ፣ እኛ ጨመቅን፣ ቱስ የምትል አረፋ ወጣች፣ አጠበቀ። እጀታው ድንጋይ ሆነ። «አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ በላንድሮቨርም እንዲሁ ነው» አለ ለልጁ፤ ልጁ ምንም አልመለሰም።

ሌላ ዘይት እንዳንጨምርም አስጠነቀቁን። የሞተር ወይም የሃይድሮሊክ ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ዘይቱ የሚመለስባትን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ ይደፍናል፣ ፍሬኑም ያልጨመቃችሁት ራሱን ይይዛል። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት የፊት ጎማውን አንስተው በነፃ መዞሩን አሳዩን።

ሒሳብ ስንከፍል አሮጌውን ማስተር ለማስታወሻ እንውሰደው አልን። አባትየው ሳቀብን፤ በጨርቅ ጠርጎት ብሎን ከሞላበት ጣሳ ውስጥ ጣለው። «ለአንዱ ይሆናል» አለ።