ሦስት መጋረጃ፣ አንድ ፊልም

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1927 የአቤል ጋንስ «ናፖሊዮን» በፓሪስ ኦፔራ ሲመረቅ፣ ለፊልሙ ማሳረጊያ አንድ መጋረጃ አልበቃውም። ሦስት ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን እየሠሩ ወደ ጣሊያን የሚዘምተውን ጦር ወርዱ የቁመቱን አራት እጥፍ በሆነ ሸራ ላይ ዘረጉት። ትዕይንቱ የተቀረጸው አንዱ በሌላው ላይ በተደራረቡ ሦስት ካሜራዎች ነው። ሦስቱ ምስሎች አንዳንዴ ገጥመው አንድ ሜዳ ይሆናሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ግራው የቀኙ የመስታወት ግልባጭ ሆኖ መካከለኛውን ያጅባሉ።

ጋንስ ከመስታወት ጋር የቆየ ትውውቅ ነበረው። በ1915 «የዶክተር ቱብ እብደት» በተባለ አጭር ፊልሙ ተዋንያኑን መልክ በሚያጣምም መስታወት ቀርጾ ፊታቸውን እንደ ሊጥ ለጠጠው። አሠሪዎቹ ፊልሙን ለሕዝብ ለማሳየት እምቢ አሉ።

የሦስቱ መጋረጃ ዕድሜም አጠረ። ወጪው ከባድ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ድምፅ ያለው ፊልም «ዘ ጃዝ ሲንገር» መጣና የሲኒማ ቤቶች ገንዘብ ወደ ድምፅ ዞረ።

ፊልሙን ያቆዩት አማተሮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፊልም ኩባንያው ፓቴ በ1922 ለቤት ውስጥ ማሳያ ያወጣው ባለ 9.5 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀዳዳው መሀል ላይ፣ በምስልና በምስል መካከል ነው። ስለዚህ ፊልሙን ገልብጦ ማጫወት ይቻላል፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። ሁለት ፕሮጀክተር ያለው ሰው የጋንስን የመስታወት ዘዴ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ መሞከር ይችላል ማለት ነው። ፈተናው ሞተሮቹ ናቸው፦ እኩል ቢነሡም እኩል አይሄዱም፣ ጥቂት ቆይቶ አንዱ ይቀድማል። አንዲ ዋርሆል በ1966 «ቼልሲ ገርልስ»ን በሁለት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን ሲያሳይ ይህንኑ ጉድለት ስልት አደረገው፤ አንዱ ዝግጅት ከሌላው አይመሳሰልም ነበር።

በ1954 ኬቨን ብራውንሎው የተባለ እንግሊዛዊ ተማሪ እጅ የገባው «ናፖሊዮን»ም ባለ 9.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ያውም ሁለት ጥቅል ብቻ። ልጁ ባየው ተገርሞ የቀረውን ፍለጋ ወጣ፤ ቁርጥራጩን ሲለቅምና ሲገጣጥም ዓመታት አለፉ። በ1979 ፊልሙ አሜሪካ፣ ቴሉራይድ ከተማ፣ ሜዳ ላይ ሲታይ የ89 ዓመቱ ጋንስ ከሆቴሉ መስኮት ሆኖ ተመለከተው። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላይ በካርል ዴቪስ ሙዚቃ ታጅቦ ቀረበ።

ብራውንሎው በ2010 የክብር ኦስካር ተሸለመ፤ ዘገየ እንጂ የሚገባው ነበር።