በወንጀል ፍትሕ ዘርፍ የሚሠሩ ሴቶች የሙያ ዕድገትና አመራርነት

የወንጀል ፍትሕ ሥራ በፖሊስ ምርመራ ተጀምሮ በዐቃቤ ሕግ ክስና በፍርድ ቤት ውሳኔ በኩል አልፎ እስከ ማረሚያ ቤት ይዘልቃል። ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ተቋማት ተቀጥረው የሚያገለግሉ ወይም ሊቀጠሩ የሚያስቡ ሴቶች ስላላቸው የዕድገት መብት፣ ስለ ሥልጠናና ስለ አቤቱታ አቀራረብ መረጃ ይሰጣል።

የሕግ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በክፍያ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚህም አልፎ ለዘመናት የደረሰባቸውን የበታችነት ለማካካስ በመንግሥትና በግል ተቋማት የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል። የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የሚሰጥ መሆኑም በዚሁ አንቀጽ ተረጋግጧል። ዝርዝር አፈጻጸሙ ግን ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለዳኛና ለማረሚያ ቤት ባልደረባ በየራሳቸው ሕግና ደንብ ስለሚመራ፣ አንዲት ባለሙያ በቅድሚያ የምትተዳደርበትን ደንብ ለይታ ማወቅ ይኖርባታል።

ሥራው በተግባር

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው አካል የሚፈተሸው በተመሳሳይ ፆታ ፈታሽ እንዲሆን ደንግጓል። የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች በመባል የሚታወቁት የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንቦችም፣ ሴት እስረኞች የሚገኙበት ክፍል በኃላፊነት በተመደበች ሴት እንዲመራና ጥበቃውም በሴቶች ብቻ እንዲከናወን ይጠይቃሉ። እንግዲህ በዚህ ዘርፍ የሴት ባለሙያ መኖር፣ በማረሚያ ቤትም የሴት ኃላፊ መኖር፣ የአገልግሎቱ አንድ አካል ነው። በሌሊት ጥቃት ደርሶባት ወደ ጣቢያ የመጣች ሴት ቃሏን የምትቀበላት ሴት መርማሪ ካጣች፣ አፍራ ወይም ፈርታ ሳትናገር ልትመለስ ትችላለች።

ሆኖም ይህ አስፈላጊነት ራሱ ለባለሙያዋ ሸክም ሊሆን ይችላል። በአንድ ጣቢያ ያለችው ሴት ፖሊስ አንዲት ብቻ ስትሆን ለፍተሻው፣ ተጎጂን ለማረጋጋት፣ ሕፃናትን ለማቆየት የምትጠራው እርሷው ናት። በተጠራች ቁጥር በእጇ ያለው የምርመራ መዝገብ ይጓተታል። የደረጃ ዕድገት ውድድር በደረሰ ጊዜ ደግሞ ይህ ድካም በሥራ አፈጻጸም ቅጽ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ስለሆነም ባለሙያዋ እነዚህ ተግባራት በግል ዕቅዷ ውስጥ እንዲካተቱ በጽሑፍ መጠየቅ፣ የቅርብ ኃላፊዋም በአፈጻጸም ምዘናው ላይ መመዝገብ ይገባዋል።

ሥልጠናና አመራር

ለፖሊስ ባልደረቦች ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዳኞችና ለዐቃብያነ ሕግ ደግሞ የፌዴራል የፍትሕና የሕግ ኢንስቲትዩት ሥልጠና ይሰጣሉ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ባለሙያ ብዙ ጊዜ የምትጎዳው በማስታወቂያው ነው። በሰሌዳ ብቻ ተለጥፎ በጥቂት ቀናት የሚነሳ የሥልጠና ወይም የዕድገት ማስታወቂያ ቤቷ ላለች እናት አይደርሳትም። ፈቃድ ከመውጣቷ አስቀድሞ ማስታወቂያ በስልክ ወይም በሌላ መንገድ እንዲደርሳት ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ማመልከቷና የማመልከቻውን ቅጂ መያዟ ይጠቅማታል።

በከፍተኛው እርከን የሚታዩ ለውጦች አሉ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ተሹመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ቀደም ሲል በዳኝነት ያገለገሉ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ወይዘሮ አዳነች አቤቤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተሹመዋል። ነገር ግን ሹመት ከላይ ሲሰጥ በዓይን ይታያል፤ የምርመራ ቡድን መሪ፣ የፈረቃ ኃላፊ፣ የዐቃብያነ ሕግ አስተባባሪ የሚመደብበት መካከለኛው ደረጃ ግን ከሕዝብ ዓይን የራቀ ነው። ለላይኛው ኃላፊነት የሚያበቃው ልምድ የሚገኘው ደግሞ ከዚሁ ነው።

አቤቱታ

በዕድገት ወይም በሥልጠና ምርጫ በደል ደረሰብኝ የምትል ባለሙያ አስቀድማ በተቋሟ ለሚገኘው የቅሬታ ሰሚ አካል፣ ዳኛ ከሆነች ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በጽሑፍ ታመለክታለች። በአስፈጻሚ አካል የተፈጸመ የአስተዳደር በደል ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊቀርብ ይችላል፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን ተቋሙ አይመለከትም። አለቃ በሥልጣኑ ተጠቅሞ በበታች ሠራተኛው ላይ የሚፈጽመው ወሲባዊ በደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ክሱ የሚንቀሳቀሰው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። ጉዳዩ የወንጀል በመሆኑ የውስጥ ቅሬታ ውሳኔን መጠበቅ ሳያስፈልግ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። አቤቱታ አቅራቢዋ የምዘና ቅጾችን፣ የምደባ ደብዳቤዎችንና ያስገባቻቸውን ማመልከቻዎች ቅጂ ቀን በተጻፈባቸው ሁኔታ ማያያዝ ይኖርባታል።