የኮረም ንጋትና የመሐመድ አሚን ካሜራ

በናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ በኢትዮጵያውያን ሳሎኖች ግድግዳ ላይ የፋሲል ግንብ ወይም የጢስ ዓባይ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ አይታጣም። ቡናው እስኪፈላ ወጣቶች ስለ ሌንስ ይከራከራሉ፦ አገሩን በስፋት የሚያቅፈው ይሻላል ወይስ ሩቁን ቀረብ የሚያደርገው? ክርክሩን አንዳንዴ የሚያቋርጠው ከአጠገቡ ካለው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ ትንንሽ አውሮፕላኖች ድምፅ ነው።

ለዚህ ክርክር ከዚሁ ከተማ ልጅ፣ ከመሐመድ አሚን ሥራ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። አሚን በነሐሴ 1935 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው) ናይሮቢ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ቦክስ ብራውኒ እንደ ሣጥን ያለ፣ ሌንሱ ለርቀት የማይስተካከል ቀላል ካሜራ ነበር፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ባለቤቱን ብርሃን መጠበቅና በእግር መቅረብ ያስተምረዋል። ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅቱን በዳሬሰላም መሠረተ፤ ኋላም ከናይሮቢ ሆኖ፣ ውኃውን በአብዛኛው ከኦሞ ወንዝ ስለሚያገኘው የቱርካና ሐይቅና ስለ አካባቢው ሕዝቦች የፎቶግራፍ መጽሐፍ አሳተመ።

ከማይክል በርክ ጋር የሠራውና ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየው ዘገባ የሚከፈተው በኮረም ሜዳ ንጋት ነው፤ የመልክዐ ምድር አንሺ ሁሉ በሚመኘው ሰዓት። ሜዳው ግን በረኃብ የተፈናቀለ ሕዝብ የሰፈረበት ነበር። ሥራውን መውቀስ አይቻለኝም፤ ለብዙ ነፍስ የእህል እርዳታ አስገኝቷል። ሆኖም ለብዙ ባዕዳን ኢትዮጵያ ማለት ያ ሜዳ ብቻ ሆና ቀረች። ከኮረም እምብዛም የማይርቀውን የአሸንጌን ሐይቅ ማን ጠየቀ?

ለጥያቄው መልስ የሚሆን ሥራ ያወጣውም ያው ሰው መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ካሜራፒክስ ስለ ኢትዮጵያ የተጓዦች መምሪያ መጽሐፍ አሳትሟል፤ የአየር መንገዳችንን «ሰላምታ» መጽሔትም አዘጋጅቷል። ተራራው፣ ገበያውና ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በነዚህ ገጾች ላይ አሉ።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ፤ አሚንም ግራ እጁን አጣ። በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 961 በረራ ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ 125 ሰዎች ሞቱ። አሚንና የሥራ ባልደረባው ብራየን ቴትሊ ከመካከላቸው ነበሩ። አውሮፕላኑ ሊያርፍ የነበረው ናይሮቢ ነበር።