የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስጦታና የመርከቧ መድፍ

በካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ ሲመጣ ታጁራ የደረሰው «ኤፍራጥስ» በተባለች ባለ ሁለት ምሰሶ የጦር መርከብ ነበር። የዚህችን መርከብ አነስተኛ ሞዴል ስሠራ ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ በወለሏ ላይ የነበሩትን ዕቃዎች መለየት ነው።

የሃሪስ መጽሐፍ የሚያተኩረው በየብስ ጉዞውና በሸዋ ቤተ መንግሥት ላይ ነው፤ የቡድኑ ሠዓሊ የበርናትዝ ሥዕሎችም እንዲሁ በረሃውንና ደጋውን ያሳያሉ። ስለዚህ መልሕቁንና የገመድ ማሰሪያውን የሠራሁት በዘመኑ የነበሩ መሰል መርከቦችን አብነት አድርጌ ነው።

መድፉ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለንጉሡ በስጦታ የመጡት በፈረስ የሚሳቡ፣ ትልልቅ መንኰራኵር ያላቸው የየብስ መድፎች ነበሩ። የመርከብ መድፍ በትንንሽ የእንጨት መንኰራኵሮች ላይ ተቀምጦ ከመርከቧ ጎን በገመድ ይታሰራል። ሁለቱን ማደባለቅ ስጦታን ከጦር ትጥቅ ጋር ማደባለቅ ነው። ንጉሡ ኅዳር ወር ላይ በአንጎለላ ውሉን ሲፈራረሙ በዓይናቸው ያዩት ስጦታውን ነው፤ የባሕር ኃይሉ ከደጋው ርቆ ከጠረፍ ቀርቶ ነበር።

በሞዴሉ ላይ በግምት የሠራኋቸውን ክፍሎች ቀለም ሳልቀባ የተውኳቸው ተመልካቹ ማስረጃውን ከግምቱ እንዲለይ ብዬ ነው።