የካሚዮን ነጂ ማታ የት ያድራል?

በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ንጉሥ የት እንደ ዘመተ፣ ጦሩም በየትኛው ሜዳ ላይ እንደ ሰፈረ ተጽፎ እናገኛለን። ጨውንና አቡጀዲውን ጭኖ ያመጣው ሰው ግን ሌሊቱን የት እንዳደረ የሚነግረን የለም። እኔ የነጂ ልጅ ስለ ሆንሁ ይህ ጥያቄ በቤታችን ብዙ ጊዜ ሲነሣ ሰምቻለሁ፤ ዘንድሮም እንደገና ተነሥቷል። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አንድ ነገር ጻፍ በተባልሁ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ርእስ አላገኘሁም።

ካሚዮን ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት ዕቃ የሚጓዘው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ከቤቱ ሲወጣ «ክረምት ሳይገባ እመለሳለሁ» ይል ነበር እንጂ «ማታ እመለሳለሁ» አይልም። ርቀቱ ብዙ፣ ወንዙም ድልድይ የሌለው ስለ ነበር ወራት ያልፉበታል። ዳሩ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። ሰኔ ገብቶ ጊቤንና ዓባይን የመሳሰሉት ወንዞች በሞሉ ጊዜ መንገዱ ይዘጋል፤ ነጋዴውም ወደደም ጠላ ከቤቱ ይቀመጣል። አጥሩን ያጥራል፣ እርሻውን ይመለከታል፣ ልጆቹን ያያል። የቤቱን ጊዜ የሚሰጠው ዝናቡ ነበር ለማለት ይቻላል።

የምድር ባቡርም በመጀመሪያው ዘመን ዕረፍት ያውቅ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከጅቡቲ እስከ ዋናው ከተማ ያለው ጉዞ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ሲሆን አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድር ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ እንኳንስ ሰው፣ ማሽኑም ማታ ይተኛ ነበር።

አፄ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል የደረሰላቸው በ1900 ዓ.ም. ነው። ካሚዮን ግን በብዛት የገባው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ኢጣልያኖች ጦራቸውንና ስንቃቸውን ለማመላለስ ወደ አሥመራ፣ ወደ አሰብና ወደ ጅማ የሚወስዱ መንገዶችን ሠሩ። ከእነርሱ ጋር የመጡት ቃላት እስከ ዛሬ ከነጂ አፍ አልጠፉም፤ ጎማ የሚጠግነው ሰው ጎሚስታ ነው፤ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። (አባቴ አንድም የኢጣልያን ቃል አላውቅም ይላሉ፤ ሞተር በተበላሸ ጊዜ ግን ግማሹ ንግግራቸው ኢጣልያንኛ ነው።) የዚያ ዘመን ስመ ጥር ካሚዮን ፊያት 634 ሲሆን በአገራችን ትሬንታ ኳትሮ ይባል ነበር። ይህ መኪና በካቢናው ውስጥ መኝታ ከተሠራላቸው ከመጀመሪያዎቹ ካሚዮኖች አንዱ ነው። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። አልጋው ከቤት ወጥቶ ወደ መኪናው ገባ፤ ነጂውም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ምክንያት አንድ ጎደለ።

ከነፃነት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በመስከረም 1943 ዓ.ም. ለመንገድ ሥራ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገዱ ቀና ከሆነ ነጂው ቶሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሦስት ቀን ይደርስ የነበረው ጭነት በሁለት ቀን ሲደርስ፣ የተረፈው አንድ ቀን ለሁለተኛ ጭነት ሆነ እንጂ ለነጂው አልተሰጠም። በእኔ አስተያየት የካሚዮን ታሪክ በአብዛኛው ይህ ነው፤ መንገድ በተሻለ ቁጥር ነጂው ርቆ ሄደ እንጂ ቀርቦ አላደረም።

እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ዋናው ወደብ አሰብ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ያ መንገድ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ አገራችን ከባሕር ማዶ ከምታስገባው ዕቃ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። መንገዱ ከአዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አዋሽን፣ ሚሌንና ሰመራን አልፎ በጋላፊ ድንበሩን ይሻገራል። ሙቀቱ አንዳንድ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በካቢና ውስጥ መተኛት ያቃተው ነጂ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ያድራል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜም እነዚህ ነጂዎች በየኬላው ይመረመሩ ነበር፤ ስኳሩንና ዘይቱን የሚፈልገው ሰው ሁሉ ያመጣውን ሰው ግን ይሸሸው ነበር።

የእኛ አገር ሰው ከቤት ርቆ ማደርን ከካሚዮን አልተማረም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሰው ሸንኮራ ለመቁረጥ ወደዚያ ወርዷል፤ በቅርብ ዘመንም ከሆሳዕና አካባቢ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ስለዚህ በሙዱላ «አባትህ የት ናቸው?» የተባለ ልጅ የሩቅ ከተማ ስም ቢጠራ ማንም አይደነቅም።

አባቴ ግን ዱሮ እንዲህ አልነበሩም። በጠምባሮ ምድር የገበሬው ገንዘብ ዝንጅብል ነበር፤ አባቴም በአንድ ትንሽ አይሱዙ ዝንጅብል ጭነው ወደ ሐደሮ፣ ወደ ሺንሺቾና ወደ ዱራሜ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሆሳዕና ያመላልሱ ነበር። ማታ ቤታቸው ይገባሉ። በ2004 ዓ.ም. ዝንጅብልን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ገባ። ለምለም የነበረው ማሳ ቢጫ ሆኖ ወደቀ፤ ሥሩም በመሬት ውስጥ በሰበሰ። የሚጫን ነገር ታጣ። አባቴም እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ወደ ጅቡቲ መሥመር ገቡ።

የቤታችን ቆርቆሮ፣ የእኔና የእኅቴም የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ መንገድ የመጣ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ነገር ግን እንሰቱን የሚያስተክሉት እናቴ ናቸው፤ ከነጋዴ ጋር የሚከራከሩትም፣ በዕድር በአባቴ ስም የሚቆሙትም እርሳቸው ናቸው። አባቴ ሲመጡ ቆጮና ቅቤ ይቀርብላቸዋል፣ ጎረቤትም ይሰበሰባል፤ አቀባበሉ ግን የእንግዳ ነው። አንድ ጊዜ ወደ በረቱ ተመልክተው «ቀይዋ ላም የት አለች?» ብለው ጠየቁ። ላሚቱ ከተሸጠች አራት ወር ሆኗት ነበር። እናቴ ሳቁ፤ አባቴ ግን አልሳቁም።

ከሁሉ የሚከብደው መስቀል ነው። በከምባታ መሳላ የሚባለው ይህ በዓል ሲደርስ በሩቅ ያለው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ስለዚህ የቀረ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይታወቃል። መርከብ ግን መስቀልን አያውቅም። ካለፉት አምስት መስቀሎች አባቴ በቤታቸው የዋሉት ሁለቱን ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር በሕግ ሊያስተካክሉ ሞክረዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የመንዳትን ሰዓት ወስናለች። በአውሮፓ ኅብረት የተለመደው የቀን የመንዳት ሰዓት 9 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ደንብ ደግሞ አሠሪው ነጂው በየአራት ሳምንቱ ውስጥ ወደ ቤቱ ሊመለስ እንዲችል ሥራውን እንዲያደራጅ ያዛል፤ ረጅሙን የሳምንት ዕረፍትም በካቢና ውስጥ ማሳለፍን ይከለክላል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 መሆኑን ይደነግጋል። ታዲያ በኬላ ተሰልፎ መዋል ሥራ ነው ወይስ ዕረፍት? አባቴን ብጠይቃቸው «መኪናው ቆሟል፤ እኔ ግን አልቆምሁም» አሉኝ።

እኔ ነጂዎች በመንገድ መካከል ቢለዋወጡ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። አንዱ ከጅቡቲ እስከ ሚሌ፣ ሌላው ከሚሌ እስከ ሞጆ ቢነዳ ሁለቱም ወደየቤታቸው ይቀርባሉ። ይህንም ለአባቴ ነገርኋቸው። «መኪናውም ጭነቱም የተፈረመው በእኔ ስም ነው፤ ልጄ። ሌላው ሰው ፍሬኑን ቢጨርሰው ማን ይከፍላል?» አሉ። በሞጆ ደረቅ ወደብ ተሠርቷል፤ የኤሌክትሪክ ባቡሩም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀምሯል፤ ነገር ግን አብዛኛው ጭነት ዛሬም በካሚዮን ስለሚመጣ የአባቴ ጥያቄ መልስ አላገኘም።

አሁን በዱራሜ አንድ ባለ አይሱዙ ነጂ ይፈልጋል። ሥራው እህልና ሲሚንቶ ማመላለስ ነው፤ ማታ ሙዱላ መግባት ይቻላል። ደመወዙ ግን አባቴ አሁን ከሚያገኙት ከግማሽ ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ አበልም የለውም። እኅቴ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት፤ እኔም ፈተናውን ካለፍሁ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። አንድ የአባቴ ባልንጀራ «ማታ ማታ ቤት የሚገባ ነጂ፣ ማታ ማታ ዕዳውን ያያል» ብለው አስጠነቀቋቸው። አባቴ ራሳቸውም የዝንጅብሉን ዘመን አያሞግሱትም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ይወጡ ነበር፤ ሲመለሱም እኛ ተኝተን እናገኛቸው የነበረው በጫማቸው ድምፅ ብቻ ነው። የሆነ ሆኖ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ለዱራሜው ሰው መልስ የሚሰጡት ከዚህ ጉዞ ሲመለሱ ነው። ይህን ጽሑፍ በምጨርስበት ማታ ከሚሌ ደውለው ነበር። ነፋሱ ስልኩን ስላስቸገረው ብዙ አልተነጋገርንም። እናቴ ስለ መልሱ አንድም ቃል አላነሡም፤ እራት በልተው እንደ ሆነ ብቻ ጠየቋቸው።